በሆልምደል ኮረብታ ላይ የተሰማው ድምፅ

በየቤቱ ባለ ዘንግ አንቴና ቴሌቪዥን በነበረበት ጊዜ፥ የጣቢያው ሥርጭት ካበቃ በኋላ በመስተዋቱ ላይ እንደ ፈላ ውሃ ይንተከተክ የነበረውን ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ፥ ከእርሱም ጋራ ይሰማ የነበረውን የማያቋርጥ የሽሽታ ድምፅ የምታስታውሱ ብዙዎች ናችሁ። ያ ድምፅ ከብዙ ምንጭ ተደባልቆ የሚመጣ ነበረ፤ ከፊሉ ከመሣሪያው ከራሱ፥ ከፊሉ ከመንደሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ፥ ከፊሉም ከሩቅ መብረቅ። ከዚህ ሁሉ መካከል ግን ጥቂቱ፥ እጅግ ጥቂቱ፥ ከዋክብት ሁሉ ከመኖራቸው በፊት ከነበረ ዘመን ተነሥቶ እስከ ቤታችን የደረሰ ነው። ሊቃውንቱ ይህን የሚናገሩት በግምት ሳይሆን ለክተው ነው። እንዴት እንደ ለኩት፥ ከተለካም በኋላ በሃይማኖት ሰዎች ዘንድ ምን እንደ ተባለና ምን ባይባል ይሻል እንደ ነበረ በዚህ ወር ልንጽፍላችሁ ወደድን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስለ ሞገዱ ምንነት ጥቂት ቃል እንናገር። በኩሬ ውስጥ ድንጋይ የጣለ ሰው ውሃው እየተነሣና እየወደቀ፥ ክብ እየሠራ ወደ ዳር ሲሄድ ያያል፤ ከአንዱ ሞገድ ራስ እስከ ሁለተኛው ሞገድ ራስ ያለው ርቀት የሞገዱ ርዝመት ይባላል። በ1865 ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የተባለው የስኮትላንድ ሊቅ፥ የኤሌክትሪክና የማግኔት ኀይል ተያይዘው በባዶ ጠፈር ውስጥ እንዲህ ባለ ሁኔታ እንደሚርገበገቡ፥ ብርሃንም ራሱ ከዚህ ሌላ እንዳልሆነ በሒሳብ አስረዳ። ከሃያ ዓመት ጥቂት በኋላም ሃይንሪሽ ኸርትዝ በጀርመን አገር ይህን ሞገድ በመሣሪያ አስነሥቶ በተግባር አሳየ። እንግዲህ የራዲዮ ሞገድ፥ ዓይናችን የሚያየው ብርሃን፥ በሐኪም ቤት የምንነሣው ራጅ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ የሚለያዩት በርዝመታቸው ነው። በራዲዮና በብርሃን መካከል፥ ከ1 ሚሊሜትር ጀምሮ እስከ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ያለው ክፍል ማይክሮዌቭ ይባላል። ወጥ የምናሞቅበት ምድጃ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሲሆን የእርሱ ሞገድ 12 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ራዳር፥ የሳተላይት መገናኛ፥ አብዛኛውም የእጅ ስልክ በዚሁ ክፍል ይሠራሉ።

አሁን አንድ ነገር ልብ እንበል። ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ ሞገድ ይሰጣል። አንጥረኛው ማረሻውን ከፍሙ ሲያወጣው ግሎ ያበራል፤ ቀጥሎ ይቀላል፤ በመጨረሻም ይጠቍራል። ሲጠቍር ለዓይን የሚታየው ብርሃን ጠፋ እንጂ ሞገዱ አልተቋረጠም፤ እጁን ያቀረበ ሰው ይህን ያውቀዋል። ነገሩ እየቀዘቀዘ በሄደ መጠን የሚሰጠው ሞገድ እየረዘመ ይሄዳል፤ እጅግ ሲቀዘቅዝም የሞገዱ ዋና ክፍል ማይክሮዌቭ ይሆናል። በዚህ ምክንያት መሐንዲሶች አንቴናቸው የሚቀበለውን ድምፅ በሙቀት መጠን ይለኩታል። መለኪያቸውም ኬልቪን ይባላል፤ የሚጀምረውም ከእርሱ በታች ቅዝቃዜ ከሌለበት፥ ውሃ በረዶ ከሚሆንበት ነጥብ 273 ዲግሪ ዝቅ ካለው ስፍራ ነው።

ታሪካችን የሚፈጸመው በአሜሪካ፥ በኒው ጀርሲ ግዛት፥ ሆልምደል በሚባል ስፍራ ነው። ቤል የተባለው የስልክ ኩባንያ በዚያ የምርምር ቤት ነበረው። የስልክ ነጋዴን ከሰማይ ጋራ ምን አገናኘው የሚል ቢኖር፥ በሽቦም ሆነ በአየር የሚላከውን ንግግር የሚያበላሽ ድምፅ ሁሉ ለኩባንያው ኪሳራ መሆኑን ያስብ። በዚሁ ስፍራ ካርል ጃንስኪ የተባለ ወጣት መሐንዲስ፥ ባሕር ተሻግሮ የሚሄደውን የራዲዮ ስልክ የሚያውከው ምን እንደ ሆነ ሲመረምር፥ ከፊሉ ድምፅ ፍኖተ ሐሊብ ከሚባለው የከዋክብት መንገድ እንደሚመጣ ደርሶበት በ1933 አስታወቀ። ሰው ከከዋክብት መካከል የራዲዮ ሞገድ ሲሰማ ያ የመጀመሪያው ነበረ።

በ1960 ደግሞ ኤኮ የተባለ፥ ወርዱ 30 ሜትር የሆነ፥ በስስ አሉሚኒየም የተለበጠ ፊኛ ወደ ጠፈር ተላከ። ሥራው ከምድር የተላከለትን ሞገድ እንደ መስተዋት መልሶ ወደ ምድር መጣል ብቻ ነበረ። የሚመለሰው ሞገድ እጅግ የደከመ ስለ ሆነ፥ እርሱን ለመስማት ከጎንና ከኋላ ምንም የማያስገባ ጆሮ አስፈለገ። ስለዚህ ክሮፎርድ በሚባለው ኮረብታ ላይ 15 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፥ አፉ 6 ሜትር የሚሰፋ፥ 18 ቶን የሚመዝን የአሉሚኒየም ቀንድ አስቀድሞ ተሠርቶ ነበረ። መልኩን ለማሰብ የሚሻ በጎኑ የተጋደመ፥ አፉ ወደ ላይ የዞረ ታላቅ ቀንደ መለከት ያስብ፤ በጠባቡ ጫፍ መሣሪያዎቹና ሠራተኞቹ የሚሆኑበት ትንሽ ክፍል አለ፤ ክፍሉም ከቀንዱ ጋራ አብሮ ይዞራል።

ኩባንያው ለመገናኛ ሥራው ቀንዱን ባልፈለገው ጊዜ፥ ሁለት ወጣት ሊቃውንት ለምርምር ተረከቡት። አንደኛው አርኖ ፔንዚያስ በ1933 በሙኒክ ከተማ ከአይሁድ ወገን የተወለደ ነው። በ1939፥ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ፥ ወላጆቹ ከናዚዎች እጅ እንዲያመልጥ ከታናሽ ወንድሙ ጋራ በባቡር አሳፍረው ወደ እንግሊዝ አገር ላኩት፤ በኋላ ቤተሰቡ ተገናኝቶ በአሜሪካ ተጠለለ። ሁለተኛው ሮበርት ዊልሰን የቴክሳስ ተወላጅ ነው። ዓላማቸው በፍኖተ ሐሊብ ዙሪያ አለ ተብሎ የሚታሰበውን ደካማ የሞገድ ጭጋግ ለመለካት ነበረ። ከዚያ አስቀድሞ ግን የሚሰሙበት ቀንድ ራሱ ምን ያህል ድምፅ እንደሚጨምር ማወቅ ነበረባቸው። ስለዚህ በሰማይ በኩል ምንም ይሰማል ተብሎ የማይጠበቅበትን የሞገድ ርዝመት፥ 7.35 ሴንቲሜትርን መረጡ፤ በዚያ ዝምታ ቢያገኙ መሣሪያው ታማኝ ነው ማለት ነው።

በሜይ 1964 መለካት ጀመሩ። ከቀንዱ ጎን በፈሳሽ ሂሊየም የቀዘቀዘ፥ ሙቀቱ በትክክል የታወቀ ማነጻጸሪያ አቆሙ፤ አንድ ጊዜ ሰማዩን፥ አንድ ጊዜ ሂሊየሙን እየሰሙ እንደ ሚዛን ያመዛዝኑ ነበረ። የቀንዱን ደካማ ድምፅ የሚያጐለብተው መሣሪያ ሜዘር ይባላል፤ ይህንንም ጥበብ ካስገኙት አንዱ፥ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የፔንዚያስ መምህር የነበሩት ቻርልስ ታውንስ ናቸው።

ሒሳቡ እንዲህ ሆነ። ቀንዱ በቀጥታ ወደ ላይ ሲዞር የሚቀበለው ድምፅ 6.7 ኬልቪን ነው። ከዚህ ውስጥ 2.3 የምድር አየር ነው፤ ይህንም ቀንዱን ከላይ ወደ ጎን እያዘነበሉ፥ የሚያልፉበት አየር በበዛ ቍጥር ድምፁ ምን ያህል እንደሚጨምር በማየት አረጋገጡ። 0.8 ያህሉ ከቀንዱ ብረት ነው። ከመሬት የሚሾልከው ከ0.1 አይበልጥም። ይህን ሁሉ ቢቀንሱ 3.5 ኬልቪን ባለቤት ሳይኖረው ተረፈ። የቤት እመቤት የወሩን ወጪ ስትተሳሰብ በመቀነቷ ከሚገባው በላይ ገንዘብ ብታገኝ ደስ ይላታል፤ መሐንዲስ ግን ትርፍ ሲያገኝ ይደነግጣል።

የዚያን ትርፍ ባለቤት ለማግኘት አንድ ዓመት ያህል ደከሙ። ምናልባት የኒው ዮርክ ከተማ ሁካታ ይሆናል ብለው ቀንዱን ወደ ከተማይቱ አዞሩ፤ የተለየ ነገር አልተገኘም። ምናልባት ፀሐይ ወይም ፍኖተ ሐሊብ ይሆናል አሉ፤ እንዲህ ቢሆን ግን በሰዓቱና በወቅቱ ይለዋወጥ ነበረ፤ ድምፁ ግን ቀንና ሌሊት፥ ክረምትና በጋ አንድ ነው፤ ወደ ማንኛውም አቅጣጫ ቢያዞሩት አንድ ነው። ምናልባት በ1962 አሜሪካኖች ከምድር በላይ ያፈነዱት የኑክሌር ቦምብ ርዝራዥ ይሆናል አሉ፤ ይህም ቢሆን ዓመት በተቈጠረ ቍጥር እየደከመ በሄደ ነበረ። የቀንዱ ቆርቆሮ የተጋጠመበትን ስፍራ ሁሉ በአሉሚኒየም ጥቅልል ለጠፉት። ድምፁ አልተለወጠም።

ከዚያ ርግቦቹ መጡ። ሁለት ርግቦች በቀንዱ ጠባብ ክፍል ጎጆ ሠርተው ውስጡን በኩሳቸው አልብሰውት ነበረ፤ ሊቃውንቱም ይህን በመሐንዲስ ጨዋነት ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነጭ ልባጥ ብለው ጠሩት። ርግቦቹ በወጥመድ ተይዘው በኩባንያው ፖስታ ወደ ሌላ ስፍራ ተላኩ፤ ርግብ ግን ወደ ቤቷ መመለስን ታውቅበታለችና ተመልሰው መጡ። በመጨረሻ በጥይት ተገደሉ። ከኖኅ መርከብ እስከ ዮርዳኖስ ርግብን በአክብሮት ለምናስባት ለእኛ ይህ የታሪኩ ክፍል አይጥመንም፤ ይልቁንም ርግቦቹ ያለ በደላቸው እንደ ሞቱ ስናውቅ። ቀንዱ ከተጠረገ በኋላ ድምፁ የቀነሰው እጅግ በጥቂቱ ነውና።

በእኛ አስተያየት የሁለቱ ሰዎች ታላቅነት ያለው በዚህ ስፍራ ነው። ኤድ ኦም የተባለ የዚያው ምርምር ቤት መሐንዲስ በ1961 በዚሁ ቀንድ ሲለካ ሦስት ኬልቪን ያህል ትርፍ አግኝቶ ነበረ፤ ነገር ግን ትርፉ ከልኬቱ ጥርጥር ወሰን ስላላለፈ ነገሩ በዚያው ቀረ። ሦስት ዲግሪ ለስልክ ሥራ ምንም አይደለችም። ፔንዚያስና ዊልሰን ግን ምክንያቷን ሳያውቁ አንዲቷን ዲግሪ እንኳ ከመዝገብ ለመሰረዝ እንቢ አሉ።

መልሱ የመጣው በስልክ ነው። ፔንዚያስ በርናርድ በርክ ለሚባል የራዲዮ ሥነ ፈለክ ሊቅ ጭንቀቱን ሲያጫውተው፥ በርክ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ፒብልስ የተባለ ወጣት እንዲህ ያለ ድምፅ ሊኖር እንደሚገባው በሒሳብ እያሳየ መሆኑን ነገረው። ፔንዚያስም ወደ ፕሪንስተን ደወለ። ስልኩን ያነሡት ፕሮፌሰር ሮበርት ዲኪ፥ በጦርነቱ ዘመን በራዳር ምርምር ላይ ሠርተው ደካማ ማይክሮዌቭን የሚለካ መሣሪያ የፈጠሩ ሰው ናቸው፤ በዚያችም ሰዓት ይህንኑ ድምፅ ለመፈለግ አንቴና የሚሠሩትን ባልደረቦቻቸውን ሰብስበው ይመክሩ ነበረ። ስልኩን ሲዘጉ ሌሎች እንደ ቀደሙዋቸው ለጓደኞቻቸው ነገሩዋቸው። ከሆልምደል እስከ ፕሪንስተን ያለው መንገድ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም።

ሁለቱም ወገኖች በ1965 በአንድ የሥነ ፈለክ መጽሔት ጎን ለጎን ጽሑፍ አወጡ። የፔንዚያስና የዊልሰን ጽሑፍ ሁለት ገጽ ያህል ብቻ ናት፤ አርእስቷም በ4080 ሜጋሳይክል ስለ ተለካ የአንቴና ትርፍ ሙቀት ይላል እንጂ ስለ ዓለም መጀመሪያ አንዲት ቃል የለበትም። ትርጓሜውን ለፕሪንስተን ሰዎች ተዉላቸው። ዊልሰን ራሱ ዓለም መጀመሪያ የለውም የሚለውን አስተምህሮ ይወድ ስለ ነበረ፥ የለካውን ለክቶ በሌላው መጣደፍ አልፈለገም።

የፕሪንስተን ሰዎች ትርጓሜ ይህ ነው። ጽንፈ ዓለም እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ፥ ወደ ኋላ ቢቈጠር የጠበበና የጋለ ነበረ ማለት ነው። በዚያ ግለት ውስጥ ብርሃን እንደ ልቡ መሄድ አይችልም ነበረ። በጣርማ በር በጉም ውስጥ መኪና የነዳ ሰው ይህ ይገባዋል፤ ብርሃን አለ፥ ግን ርቆ አይሄድም። ጽንፈ ዓለም ሰፍቶ ወደ 3000 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ፥ ዛሬ በሚቈጠረው ቍጥር ከመጀመሪያው 380 ሺህ ዓመት ያህል በኋላ፥ ጉሙ ተገለጠና ብርሃኑ ጕዞውን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ጽንፈ ዓለም አንድ ሺህ አንድ መቶ እጅ ያህል ስለ ሰፋ የብርሃኑም ሞገድ በዚያው መጠን ተለጠጠ፤ እንደ ጋለ ብረት ያበራ የነበረውም ወደ ማይክሮዌቭ ተለወጠ። ከየአቅጣጫው እኩል የሚመጣውም ስለዚህ ነው፤ ጉሙ የነበረበት አንድ የተለየ ስፍራ የለምና።

የሚያስገርመው፥ ይህን ድምፅ ሰው አስቀድሞ ሊያገኘው ይችል የነበረ መሆኑ ነው። ራልፍ አልፈርና ሮበርት ኸርማን በ1948 የዚህ ሙቀት ርዝራዥ 5 ኬልቪን ያህል እንደሚሆን ጽፈው ነበረ፤ ለመፈለግ የተነሣ ግን አልነበረም። ፕሮፌሰር ዲኪም ራሳቸው በ1946 ሰማዩን ለክተው ከ20 ኬልቪን የሚበልጥ ድምፅ እንደሌለ ጽፈው ኖሮ፥ በ1965 ያን ልኬት ረስተውት ነበረ። የኖቤል ሽልማት በ1978 ለፔንዚያስና ለዊልሰን ደረሰ፤ ፒብልስ የራሳቸውን ያገኙት ከ41 ዓመት በኋላ በ2019 ነው። በ1989 የተላከችው ኮቤ የተባለች ሳተላይት ከአየር በላይ ሆና ስትለካ ሙቀቱ 2.7 ኬልቪን ሆኖ ተገኘ፤ በሰማይም ላይ ካንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ያለው ልዩነት ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ያህል እንደ ሆነ ታወቀ። ጋላክሲ የሚባሉት የከዋክብት ጭፍሮች የበቀሉት ከዚህች ጥቂት ልዩነት ነው ይላሉ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። የቤተ ክርስቲያናችንን የሥነ ፍጥረት ትምህርት የተማረ ሰው ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት በየዕለታቸው ይቈጥራል፤ ብርሃን በዕለተ እሑድ፥ ፀሐይ ጨረቃና ከዋክብት በዕለተ ረቡዕ እንደ ተፈጠሩ ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው ከፀሐይና ከከዋክብት በፊት የነበረ ብርሃን በመሣሪያ ተገኘ ሲባል ቢሰማ፥ ልቡ በደስታ ቢዘል አንፈርድበትም። ከዚህም የተነሣ ሳይንስ ለመጽሐፋችን መሰከረለት ብሎ ለመስበክ የሚቸኵል አለ። በሌላው ወገን ደግሞ ጽንፈ ዓለም 13.8 ቢሊዮን ዓመት ሆኖታል የሚለውን ቍጥር ከልጁ ደብተር አንብቦ፥ ይህ ትምህርት ሃይማኖትን ያጠፋል ብሎ መምህሩን የሚረግም አባት አለ። እኛ ሁለቱንም መንገድ አንወድም። በ3.5 ኬልቪን ላይ እምነቱን የደገፈ ሰው ቍጥሩ 2.7 ሲሆን ምን ሊያደርግ ነው? ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት በሰጠው ትምህርት በዘመኑ የነበሩ ፈላስፎች አንዱ የሌላውን አሳብ እየተነሣ እንደሚያፈርስ አስተውሎ ነበረ፤ የቤተ ክርስቲያንንም ትምህርት በእነርሱ ላይ አልሠራም። ይህን በማለቱ ግን ስለ ባሕርና ስለ ዓሣ፥ ስለ ሣርና ስለ ወፍ ጠባይ በዘመኑ የታወቀውን ሁሉ ለምእመናን ከመንገር አልተቈጠበም።

በዚህ ረገድ ምሳሌ የሚሆን አንድ ሰው አለ። ዦርዥ ለሜትር በ1894 የተወለዱ የቤልጅግ ሰው፥ የሮማ ካቶሊክ ካህን፥ በሉቨን ዩኒቨርሲቲም መምህር ነበሩ። ጽንፈ ዓለም እየሰፋ መሆኑን በ1927 የጻፉ፥ በ1931ም ከአንዲት ጠባብ መነሻ ጀመረ የሚለውን አሳብ ያቀረቡ እርሳቸው ናቸው። ፍሬድ ሆይል የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ይህን አሳብ የነቀፈው፥ ከምክንያቶቹ አንዱ የካህን ሽታ ስለ ሸተተው ነው። በተቃራኒው የሮማው ፖፕ ፒዮስ 12ኛ በኖቬምበር 1951 ባደረጉት ንግግር ሳይንስ ለፍጥረት መጀመሪያ እንደ መሰከረ አድርገው ተናገሩ። ከዚህ ንግግር የማንም ሰው ልብ ይሞቃል፤ ይልቁንም አሳቡን ያፈለቀው ካህን ሊኮራ ይገባ ነበረ። አባ ለሜትር ግን አዘኑ። አሳባቸው ስለ ግዑዝ ነገር ሥራ የሚናገር እንጂ የሃይማኖትን ጥያቄ የሚነካ እንዳልሆነ፥ አማኙም የማያምነውም እኩል ሊመረምሩት እንደሚችሉ ገለጡ። በተከታዩ ዓመት ፖፑ ለሥነ ፈለክ ሊቃውንት ጉባኤ ሲናገሩ ያን ቃል አልደገሙትም።

ስለዚህ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት መጥተው ስለዚህ ነገር ቢጠይቋችሁ፥ የሆልምደልን ታሪክ ርግቦቹን ሳታስቀሩ ንገሩዋቸው፤ ልጆች ርግቦቹን ይወዱዋቸዋል። ሥነ ፍጥረትንም እንደ ተማራችሁት አስተምሩዋቸው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጣችሁ የትኛው ከበደ ብላችሁ ግን አታስጨንቁዋቸው።

አባ ለሜትር ከጽንፈ ዓለም መጀመሪያ አንዳች ርዝራዥ እንደ ቀረ ዕድሜያቸውን በሙሉ ያስቡ ነበረ። የጠበቁት ግን ኮስሚክ ጨረር በሚባል ሌላ ዓይነት ጨረር ውስጥ ነበረ፤ በዚያስ አላገኙትም። በ1966 ታመው ሳሉ ቀድሞ ረዳታቸው የነበረው ኦዶን ጎዳር መጥቶ በሆልምደል ስለ ተሰማው ድምፅ ነገራቸው። ከዚያም ብዙ ሳይቈዩ በጁን 20 ቀን ዐረፉ።